ብሪታንያ ተመርቀው ወሎን የጻፉ

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚዘልቀው መንገድ የሚያቋርጠው ደጋ የገብስ፣ የበግና የውርጭ አገር ነው። ለጋምቦ፣ ቦረና፣ ሳይንት፣ ወረሂመኖ፤ ስማቸው በዜና የሚነሳው ብዙ ጊዜ ዝናብ ሲቀር ወይም ውርጭ አዝመራ ሲመታ ነው። ያም ሆኖ ይህ አገር በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ የተረሳ አይደለም። እንዲያውም ያለፈ ታሪኩ በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ በጥልቀት ተመርምሯል፤ ምርመራው በአብዛኛው ተጽፎ ለፈተና የቀረበው ግን በለንደን፣ በበርሚንግሃምና በማንቸስተር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1989 ድረስ (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእነዚህ ከተሞች የቀረቡ አራት የዶክትሬት ጽሑፎችን በተርታ አስቀምጦ የሚያነብ ሰው የዚህን ደጋና የአጎራባቾቹን የሰባት መቶ ዓመት ጉዞ ሊከተል ይችላል።

ስለ ብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ዝነኛ ምሩቃን ሲነሳ ወሬው የሚጀምረው ከሥልጣን ነው። ኢትዮጵያም በዚህ በኩል የምትጠራው ስም አላጣችም። ይልማ ዴሬሳ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተምረው የንጉሠ ነገሥቱን የገንዘብ ሚኒስቴር ለዓመታት መርተዋል። አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ተከታትለው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ልጅ እንዳልካቸው መኮንንና ልጅ ሚካኤል እምሩ ሁለቱም ኦክስፎርድ የተማሩ ናቸው። መለስ ዜናዊ ሥልጣን ላይ ሳሉ ከብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1995 በንግድ ሥራ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከለንደን፣ ዶክትሬታቸውን ከኖቲንግሃም ነው ያገኙት።

ይህ ዝርዝር ማን የት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ይነግረናል። የተማሩት ነገር ለማን እንደደረሰ ግን ዝም ይላል። አቀስታ ላይ ሆኖ ለሚጠይቅ ሰው የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። የዶ/ር ቴድሮስን ነገር ብንወስድ፣ ከሹመታቸው ሁሉ ለገበሬው ቅርብ የሆነው ገና ተመራማሪ ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር በትግራይ ያካሄዱት ጥናት ነው። ለመስኖ የተሠሩ ትንንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አሳዩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ውኃ ሲታቆር በሽታም አብሮ እንደሚታሰብ የሚያስገድድ ግኝት ነው፤ ግድብ ለሚሠራ ወረዳ ሁሉ ይጠቅማል።

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ራሱ ከሌሎቹ የሚለይበት ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1836 ሲቋቋም ኮሌጆችን በአንድ ጥላ ሥር የሚሰበስብ ተቋም ሆኖ ነው። የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤቱ፣ የትሮፒካል ሕክምናው፣ የሥነ ጥበቡ ስሌድና የአፍሪካና የእስያ ጥናት ትምህርት ቤቱ ሶአስ ሁሉም በዚሁ ሥር ናቸው። ከ1858 ጀምሮ ደግሞ ለንደንን ረግጦ ለማያውቅ ተማሪ በውጭ ተፈታኝነት ዲግሪ መስጠት ጀመረ። ኔልሰን ማንዴላ በሮበን ደሴት እስር ላይ ሳሉ የሕግ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በዚህ መንገድ ነበር። ጆሞ ኬንያታም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥር በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤቱ አንትሮፖሎጂ ሲማሩ የጻፉት ስለ እንግሊዝ አልነበረም፤ ስለ ወገናቸው ስለ ኪኩዩ ሕዝብ ነበር፤ መጽሐፉም በ1938 ታተመ። ከኋላ የመጡት ኢትዮጵያውያን የታሪክ ተማሪዎችም እንዲሁ ስለ አገራቸው ጻፉ።

ከታሪክ ውጭ ያሉትን የትምህርት መስኮች እዚህ ላይ ቶሎ ቶሎ ማለፍ ግድ ይላል። የአንኮበሩ ልጅ አፈወርቅ ተክሌ በ1940ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ልባቸው ወደ ሥዕል አደላና በስሌድ ሥነ ጥበብ ተማሩ፤ በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው የባለ ቀለም መስተዋት ሥራቸው የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በኤድንብራ ሕክምና ተምረው፣ በቀዶ ሕክምና ሠልጥነው ተመለሱና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲን ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ። በኋላ በፖለቲካ ምክንያት ታስረው ቢሰቃዩም እርሳቸው ያስተማሯቸው ሐኪሞች በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል አገልግለዋል። ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ከዌልስ ዩኒቨርሲቲ ባንጎር በ1969 በዕፅዋት ሥነ ምህዳር ዶክትሬት ይዘው መጥተው፣ የአፍሪካ ገበሬ በዘሩ ላይ ያለውን መብት በዓለም አቀፍ ድርድር ጠረጴዛ ላይ ያስከበሩ ሰው ናቸው፤ በ2000 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸውም ለዚህ ነው። ገብሱን ከዘር ዘር መርጦ፣ ከጎረቤት ተበድሮና አበድሮ ለሚዘራው የለጋምቦ ገበሬ የዚያ ድርድር ጉዳይ ሩቅ አይደለም።

የታሪክ ሰዎቹን ከሌሎቹ የሚለያቸው ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ለመረዳት ወደ መቅደላ ታሪክ መሄድ ያስፈልጋል።

ከአቀስታ በስተሰሜን ያለው የመቅደላ አምባ በእንግሊዝ ጦር እጅ የወደቀው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1868) ነው። አጼ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያናቸው ከጎንደርና ከሌላም ቦታ ያሰባሰቧቸው ብራናዎች፣ ዘውዶች፣ ጽዋዎችና ታቦታት ተዘረፉ። ዝርፊያው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ወጣ፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የላከው ባለሙያ ሪቻርድ ሆምስ ከሐራጁ ገዝቶ የወሰደው ብዙ ነበር። ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች በመጨረሻ ሙዚየሙ ገቡ፤ ዊልያም ራይት በ1877 ባሳተመው ማውጫ እያንዳንዳቸውን ቁጥር ሰጥቶ መዘገባቸው። ዛሬ ያሉት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው።

ከብራናዎቹ ጋር ሁለት ሕፃናትም ከመቅደላ ወጥተዋል። አንደኛው የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው፤ በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ተዘዋውሮ፣ አንዱም ሳይመቸው፣ ገና በ18 ዓመቱ በ1879 በሊድስ አረፈና ዊንዘር ተቀበረ። የሁለተኛው ዕጣ የተለየ ሆነ። ወርቅነህ እሸቴ የሚባለውን ትንሽ ልጅ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ይዞት ሄደ፤ በሌላ መኮንን ርዳታ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ። በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተምሮ በ1882 ተመረቀ፣ በስኮትላንድ ትምህርቱን አጠነከረ፣ በበርማ አገለገለ። ከዓድዋ ድል በኋላ አገሩን ፈልጎ መጣ፤ ዘመዶቹም ለዩት። ሐኪም ወርቅነህ በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ምሩቅ ናቸው። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ ጣሊያን ሲወርር በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ተሟግተዋል፤ እንግሊዝ ምሕንድስና የተማሩ ሁለት ልጆቻቸውን ቢንያምንና ዮሴፍን ፋሽስቶች ገድለውባቸዋል። ከሥራቸው ሁሉ ለዚህ ሐተታ የሚጠቅመው ግን ብዙ ሰው የማያነሣው ነው። በ1920 ዓ.ም. የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ አዘጋጅተው አሳተሙ። አማርኛን ጎልማሳ ሆኖ እንደገና የተማረ ሰው፣ በእንግሊዝኛ የተማረውን ለአገሩ ልጆች በአገራቸው ቋንቋ አቀረበ። ከርሳቸው በኋላ ከተመረቁት ብዙዎቹ ይህን አላደረጉም።

አሁን ወደ አራቱ ጽሑፎች እንምጣ።

ታደሰ ታምራት በሶአስ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ መቅደላ በተዘረፈ ልክ በመቶ ዓመቱ። ርዕሱ ከ1270 እስከ 1527 ድረስ በኢትዮጵያ የነበረው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት ነበር፤ በ1972 ኦክስፎርድ ላይ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። የአጋጣሚው ክብደት ከቁጥሩ ያልፋል። ታደሰ ለጥናታቸው ካገላበጧቸው ምንጮች መካከል በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት የግዕዝ ብራናዎች ይገኙበታል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ የአገሩን ገድላትና ዜና መዋዕል ለማንበብ ለንደን ድረስ ሄዶ፣ የንባብ ክፍል ገብቶ፣ ራይት የሰጣቸውን ቁጥር ጠርቶ ማስወጣት ነበረበት። ይህ ሁኔታ ሊያናድድ ይገባል። በዚያው ልክ ግን ከዚያ ክፍል የወጣው ሥራ የመካከለኛውን ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ ከመሠረቱ እንደገና የገነባ ነው።

የታደሰ መጽሐፍ ለደቡብ ወሎ ደጋ ያለው ትርጉም ብዙ ጊዜ አይነገርም። ከበሽሎ በስተደቡብ ያለው ይህ አገር በዚያ ዘመን ቤተ አማራ ይባል ነበር፤ ይኩኖ አምላክ በ1270 መንግሥት ሲይዝ ዋነኛ መደገፊያው እዚሁ ነበር። በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቋቋሙት ገዳም መነኮሳትን ከማሠልጠን አልፎ የመንግሥቱ የእውቀት ማዕከል ሆነ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩበት ቦታዎች አንዱ ነው። ታደሰ በ1970 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ለብቻው ጽሑፍ አውጥተዋል፤ ከምንጮቹ አንዱ እስከ ዛሬ በገዳሙ የሚገኘው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው። ከእንግሊዝ ሙዚየም ብራና እስከ ሐይቅ ገዳም ዕቃ ቤት የተዘረጋ ምርምር ማለት ይህ ነው። አንድ የአቀስታ ተማሪ የቤተ አማራን ነገሥታት ገድልና ድል ሲሰማ ካደገ፣ ከዚያ ትረካ ጀርባ ያለውን የመሬት ሥሪት፣ የገዳማት አደረጃጀትና የቤተ መንግሥት ፖለቲካ የሚያገኘው በዚህ መጽሐፍ ነው።

መርዕድ ወልደአረጋይ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ በዚያው በሶአስ ቀጥለዋል። ጥናታቸው ከ1508 እስከ 1708 ያለውን ሁለት መቶ ዓመት ይይዛል፤ የኢማም አሕመድን ጦርነት፣ የኦሮሞን ሕዝብ ታላቅ እንቅስቃሴና ያስከተለውን ለውጥ። ለወሎ ይህ ዘመን ወሳኙ ነው። በቤተ አማራ የነበሩት የነገሥታት አብያተ ክርስቲያናት፣ ልብነ ድንግል ያስጨረሱት መካነ ሥላሴ ጭምር፣ የተቃጠሉት በዚህ ዘመን ነው፤ ቦረና፣ ለጋምቦ፣ ለጋሂዳ የሚሉት የጎሳ ስሞች የአገር ስም ሆነው የቀሩትም ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ በዚህ ደጋ የሚኖረው ሕዝብ በደምም በባህልም ከሁለት ወገን የተገመደ መሆኑን ለመረዳት ከመርዕድ ጽሑፍ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል። ጽሑፉ ግን መጽሐፍ ሆኖ ሳይታተም ቀረ። ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ከፎቶ ኮፒ እየጠቀሱት ኖረዋል። መርዕድ በ2008 ሲያርፉ ትተውት ከሄዱት ሥራ ትልቁ ይህ ሳይታተም የቀረው ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ሥራ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል፤ ስለ ወሎ ብቻ የተጻፈ ነውና።

ሑሴን አሕመድ በ1985 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ዶክትሬት ርዕሱ የሃይማኖት ሊቃውንትን፣ ነጋዴዎችንና ባላባቶችን በአንድነት ይዟል፤ ትኩረቱ እስልምና በወሎ፣ በተለይም በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ሥራው ተስፋፍቶና ታርሞ በ2001 በሆላንድ ላይደን ታተመ። ሑሴን ወደ ሥራው ሲገቡ ስለ ኢትዮጵያ እስልምና በአውሮፓ ቋንቋ ከተጻፈው ዋናው የትሪሚንግሃም የ1952 መጽሐፍ ነበር። ትሪሚንግሃም የአገሩን ሙስሊም ከውጭ ቆሞ፣ በአብዛኛውም ከመንገደኞችና ከክርስቲያን ዜና መዋዕል ምንጮች ተነስቶ ነው ያየው። በዚያ ዕይታ እስልምና ከላይ የተለበጠ፣ ሥር ያልሰደደ ሆኖ ይታያል። ሑሴን ይህን አልተቀበሉም። መቃወማቸውንም በክርክር ብቻ አልተዉትም። ወደ አገሩ ወርደው ሽማግሌዎችንና ሼሆችን ጠየቁ፤ በየቤቱና በየመስጊዱ በዐረብኛ የተጻፉ የእጅ ጽሑፎችን ፈልገው አነበቡ።

ከዚያ የወጣው ሥዕል ሌላ ነው። ጀማ ንጉሥ፣ ጌታ፣ ዳና የሚባሉት ቦታዎች ደረሳ ከሩቅ የሚጎርፍባቸው የትምህርት ማዕከሎች ሆነው ይታያሉ። ሼህ ሙሐመድ ሻፊ በጀማ ንጉሥ ያስተማሩትና የመውሊድን አከባበር ያስፋፉት የሃይማኖት መታደስ ተብሎ በቦታው ተቀምጧል። የወረሂመኖ ገዥ ቤተሰብ የማመዶች ሥልጣን ከንግድና ከሃይማኖት ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ተብራርቷል። በ1878 አጼ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሲሆኑ፣ ሼህ ጠልሐ የመሳሰሉት ደግሞ ከጉባኤው በኋላ በሙስሊሞች ላይ በተጣለው የግዳጅ ጥምቀት ላይ ተነሱ። በሑሴን ጽሑፍ እነዚህ ሁሉ ከንጉሡ ዜና መዋዕል አንጻር ብቻ ሳይሆን ከተገደደው ወገን ጭምር ይነበባሉ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ ያለው የወሎ ሰው፣ አብሮ መኖሩ በእንዴት ያለ ፈተና ውስጥ እንዳለፈ የሚያገኘው እዚህ ነው። ያንን ፈተና ማድበስበስ ለአብሮነቱ አይጠቅምም፤ ሑሴንም አላድበሰበሱትም። ፕሮፌሰር ሑሴን በ2009 አርፈዋል።

ሑሴን ካጠኑት ዘመን በኋላ ያለውን ወሎ፣ ማለትም የንጉሥ ሚካኤልን፣ የልጅ ኢያሱንና የሰገሌን ጦርነት፣ ብዙ ተማሪ የሚያውቀው በባሕሩ ዘውዴ በኩል ነው። የባሕሩ የ1976 የሶአስ ዶክትሬት ስለ ኢትዮጵያና ሱዳን ምዕራባዊ ድንበር እንጂ ስለ ወሎ አይደለም፤ ስለዚህ ከአራቱ አይቆጠርም። በ1991 ያወጡት የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ ግን በዩኒቨርሲቲዎች ዋና ማስተማሪያ ሆነ። ከሁሉ በላይ የሚያስመሰግናቸው ይህንኑ ታሪክ ራሳቸው በአማርኛ አዘጋጅተው ማሳተማቸው ነው። በ2002 ባሳተሙት ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ሐኪም ወርቅነህን ጨምሮ የ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ምሁራንን ሕይወት መርምረዋል፤ በዚያ መጽሐፍ የኋለኛው ምሩቅ የፊተኛውን ምሩቅ ይመዝናል።

አራተኛው ጽሑፍ በዕድሜ ለእኛ በጣም ቅርብ፣ በይዘቱም በጣም የሚያም ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜና ከዚያ በኋላ መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ አገር አሰፈረ፤ ትልቁ ድርሻ የወሎ ሰው ነበር። አዲስ አበባ የተወለዱት አሉላ ፓንክኸርስት በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ ሲያጠኑ በምዕራብ ወለጋ ቄቶ በሚባለው ሰፈራ ገብተው፣ ከሰፋሪዎቹ ጋር ኖረው በ1989 ዶክትሬታቸውን ጻፉ፤ በ1992 መጽሐፉ ወጣ። በዚያን ጊዜ ስለ ሰፈራው በዓለም ላይ የሚሰማው ክርክር በሁለት ወገን የተከፈለ ነበር፤ አንዱ ሁሉም በጠመንጃ ተነድቶ ሄደ ይላል፣ ሌላው ሁሉም በፈቃዱ ሄደ ይላል። አሉላ የሰፋሪውን ታሪክ ከሰፋሪው አፍ ሲሰሙ ነገሩ እንዲያ ቀላል ሆኖ አላገኙትም። ረሃቡ ያስገደደው አለ፣ ካድሬው የያዘው አለ፣ ዘመዱን ተከትሎ የሄደ አለ፣ ተስፋ ያደረገም አለ። ለደጋው ሰው ቆላ መውረድ፣ ገብስ ትቶ በቆሎ መብላት፣ በሬ ትቶ የማኅበር ትራክተር መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ጽሑፉ በዝርዝር አስቀምጧል። በየቤቱ ከሰፈራ የተመለሰ ወይም በዚያው የቀረ ሰው ያለበት የወሎ ቤተሰብ ብዙ ነው። ታሪኩ በየቤቱ ይነገራል፤ ጥናቱን ያነበበው ግን ስንቱ ነው?

ዋናው ነጥብም እዚሁ ላይ ነው። ታደሰ፣ መርዕድ፣ ባሕሩና ሑሴን ከተመረቁ በኋላ በውጭ አልቀሩም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው፣ ደርግ በነበረበት፣ ደሞዝ በማይበቃበት፣ መጽሐፍ በማይገባበት ዘመን ጭምር አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደየመጡበት አገር እንዲመለሱና ሽማግሌ እንዲጠይቁ አደረጉ፤ በዚህ መንገድ ስለ ወሎ ወረዳዎች በርካታ ጽሑፎች በትምህርት ክፍሉ ተከማችተዋል። ግዴታቸውን ተወጥተዋል ማለት ያንሳል። የጎደለው ከእነርሱ ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው።

ሥራው ሦስት ቦታ ላይ ተሰናክሏል። ጽሑፎቹ በከባድ እንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። የታተሙት በአውሮፓ አሳታሚ ስለሆነ ዋጋቸው ለወረዳ ቤተ መጻሕፍት ቀርቶ ለመምህር እንኳ የሚቀመስ አይደለም። ያልታተሙት ደግሞ መኖራቸውን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ከሦስቱ ሁለተኛውና ሦስተኛው መሰናክል ዛሬ በመጠኑ ቀሏል፤ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የድሮ የዶክትሬት ጽሑፎችን በኢንተርኔት ማኅደራቸው በነጻ እያኖሩ ነው፣ ከመቅደላ ብራናዎችም የተወሰኑት በዲጂታል ተቀድተዋል። የቋንቋው መሰናክል ግን እንዳለ ነው፤ ለንደን ደግሞ ይህን ልታነሳልን አትችልም፣ ልንጠብቅባትም አይገባም።

ይህን የሚሠራ ተቋም በአካባቢው አለ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ያስተምራል፤ ስሙንም የወሰደው ከዚያው ከተዘረፈው አምባ ነው። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። የታሪክ፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሎች ተባብረው የሑሴንን መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ የመርዕድን ጽሑፍ ደግሞ ወሎን የሚነካውን ክፍል ወደ አማርኛ ቢመልሱ ለምረቃ የሚበቃ ሥራ ነው፤ በየዓመቱ ከሚደጋገሙት የመመረቂያ ርዕሶችም እጅግ ይሻላል። የባለቤትነት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ዐረብኛና ግዕዝ የሚያውቅ አማካሪም ያሻል። ሁለቱም በወሎ አይታጡም፤ መድረሳውም የአብነት ትምህርት ቤቱም እዚሁ ነው። ትርጉሙ ሲወጣ ደግሞ ሼሆቹና መሪጌቶቹ አንብበው የሚያርሙት ነገር አይጠፋም፤ ያ እርማት ራሱ ምርምር ይሆናል።

በአራቱ ጽሑፎች ያልተነካም ብዙ አለ። አራቱም በወንዶች የተጻፉ ናቸው፤ የደጋዋ ሴት ከመካከላቸው በጥቂቱ በአሉላ መጽሐፍ ካልሆነ በቀር አትታይም። ይህ በብሪታንያ የተማሩ ሴቶች ስላልነበሩ አይደለም። ፀሐይ ብርሃነሥላሴ በ1980 ከኦክስፎርድ በአንትሮፖሎጂ ዶክትሬት ይዘዋል፤ የገበሬውን የጦርነት ባህል ነው ያጠኑት። የአሉላ እህት ሄለን ፓንክኸርስት ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ባገኙት ዶክትሬት የመንዝን ሴቶች ኑሮ፣ ከማገዶና ከውኃ እስከ ጋብቻና ፍቺ ድረስ መርምረዋል፤ በ1992 መጽሐፍ ሆኗል። መንዝና ለጋምቦ በብርዱም በሱፍ ፈትሉም ይመሳሰላሉ። በለጋምቦ ግን ባና የምትፈትለው ሴት ገቢዋ የማን እንደሆነ፣ በሰፈራው ጊዜ ባሏ ሄዶ እርሷ የቀረችው መሬቷን እንዴት እንዳቆየች፣ በውርጭ ዓመት ዘሩን ማን ደብቆ እንዳሳደረው ገና ተጠንቶ አልተጻፈም። እነዚህን ጥያቄዎች ለመያዝ ለንደን መሄድ ግድ አይደለም፤ የሄለንን መጽሐፍ ያነበበች፣ አገሩንና አነጋገሩን የምታውቅ አንዲት የመካነ ሰላም ግቢ ተማሪ በክረምት ዕረፍቷ ልትጀምራቸው ትችላለች።